ልጄን ከመስታወቱ ጀልባ ለማውረድ

ባሌ ደርሳችሁ የማታውቁ ብዙ እንደሆናችሁ እገምታለሁ። እኔም ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልደርስ ኖሬ ምንም አልጎደለብኝም ነበር። ሐዋሳ ላይ ጀልባ እነዳለሁ። ሐይቁ ይበቃኛል፣ ሙቀቱ ይበቃኛል፣ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የሚጠጣው የዓሣ ሾርባ ይበቃኛል። ወደ ጎባ የወሰደኝ አገር የማየት ጉጉት አይደለም፤ ቅናት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ብገላገል ይሻለኛል፤ አለዚያ “ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው ውሃውንም ተራራውንም የሚያኮርፈው?” ማለታችሁ አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታምራት የሚባል የጎባ ልጅ ዘጠኝ ዓመት በእኔ ጀልባ ላይ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ሲመጣ ዋና አይችልም ነበር፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን “ጋሼ፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ጀልባ አለ አሉ። ካያክ ነው የሚሉት፤ በመቅዘፊያ ነው የሚሄደው። ሰው ቁጭ ብሎ ከሥሩ ያለውን ዓሣ ያያል። ለምን አናመጣም?” አለኝ። እኔ ደግሞ ሐሳቡን የጀልባ ነጂዎች ማህበራችን ስብሰባ ላይ አንስቼ አሳቅሁበት። “ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ከሥርህ የሚታየው አረንጓዴ ውሃ ነው፤ እሱን ለማየት ማን ይመጣል?” አልኩት። አልተከራከረኝም። አገሩ ገባ፤ ከጎባ ወጣ ብሎ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቅ ምንጭ ነበርና ጀልባዎቹን እዚያ አስገባ። አሁን በየስልኩ የሚዞረው “የመስታወት ጀልባ” ቪዲዮ የእሱ ነው።

ይህንን እንኳ እችለው ነበር። ያልቻልኩት የልጄን ነው። አንዲት ልጄ ብሌን ቱሪዝም ተምራ ስትመረቅ በእኔ ጀልባ ላይ ቲኬት እንድትቆርጥ አሰብኩላት። “ሞተሩን ልያዝ አባዬ” አለችኝ። “ሴት ልጅ ሞተር አትይዝም” አልኳት። በሳምንቱ ለታምራት ደውላ አስጎብኚ ሆና ተቀጠረች። ከሄደች አራት ወሯ ነው።

ልመልሳት ተነሳሁ። “ነይ” ብላት እንደማትመጣ ስለማውቅ አንድ ውሸት አዘጋጀሁ፤ እናትሽ ታማለች ልላት። ባለቤቴ አስቴር ስለዚህ ውሸት የምታውቀው ነገር የለም። ለእሷ የነገርኳት “ልጄን ጠይቄ ልምጣ” ብዬ ነው፤ ደስ ብሏት ዳቦ ጋግራ፣ በሶ አዘጋጅታ ስንቅ ቋጠረችልኝ። “ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል” ይባላል። ሁለቱንም ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ

እስከ ሻሸመኔ ያለውን መንገድ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከሻሸመኔ በቅጥቅጥ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ ኮፈሌ ላይ ብርዱ ጀመረ። የለበስኩት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው። ሐዋሳ ላይ ጃኬት የሚለብስ ሰው ወይ ወባ ይዞታል ወይ ስብሰባ አለበት። የእኔ ወንበር መስኮት ደግሞ አይዘጋም። ረዳቱ በካርቶን ወተፈልኝ፣ ዶዶላ ሳንደርስ ካርቶኑ በረረ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሮቤ ዩኒቨርሲቲ የምትሠራ የጎንደር ሰው ናት። ጥርሴ ሲንገጫገጭ ሰማችና የጋቢዋን ግማሽ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

“ባሌ ያለ ጃኬት? ማነው የመከረዎት?” አለችኝ።

“መካሪ የለኝም” አልኳት።

ዶዶላ ምሳ ቆምን። ከልምዴ የተነሳ “ዓሣ አለ?” ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ እንደ ታመመ ሰው አየኝና “ጥብስ አለ” አለኝ። ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ከእኛ ሰፈር ጥብስ ይሻላል ማለት ግን አልፈልግም።

ከአዳባ ወዲያ ስንዴ ነው፤ አያልቅም። እኛ ጋ አንዲት ጓሮ ውስጥ እንሰቱ፣ ቡናው፣ አቮካዶውና ቤቱ ተጋፍተው ነው የሚኖሩት። እዚህ መሬቱ እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። ቅናቴ ጀልባው ጋ ሳይደርስ በስንዴው ሥራ ጀመረ።

“ሮቤ ምን ጉዳይ ኖሮዎት ነው?” አለችኝ ባለጋቢዋ።

“ጀልባ ለማየት ነው።”

“የመስታወቱን ጀልባ!” ፊቷ በራ። “ባለፈው ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ ነበር። ሲያምር! የምታስጎበኘዋ ልጅማ አትጠገብም። የባለቤቱ እህት ሳትሆን አትቀርም፣ ቁርጥ እሱን ነው የምትመስለው።”

ልጄ የምትመስለው እኔን ነው። አፍንጫዋ የእኔ ነው፣ ግንባሯ የእኔ ነው። ጋቢውን ገፍፌ ልመልስላት ቃጣኝ፤ ብርዱ ከለከለኝ።

ሮቤ የገባነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጋሪውና ባጃጁ መንገዱን ተካፍለውታል፤ ፈረሱ ከባጃጁ ቀድሞ ሲታጠፍ አየሁ። አልጋ የያዝኩበት ቤት ባለቤት የሆኑት እናት ሸሚዜን አይተው ምንም ሳይጠይቁኝ ሁለት ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ፤ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃም ሞልተው “እግርህ ሥር አድርገው ልጄ” አሉኝ። ሐዋሳ ላይ ለእንግዳ የምንሰጠው ቬንትሌተር ነው። ጠርሙሱን አቅፌ ተኛሁ።

ረቡዕ

ለታምራት ደውዬ መንገዱን መጠየቅ እችል ነበር። ግን ድንገት ደርሼ ጉዱን ለማየት ነው የመጣሁት። ላይፍ ጃኬቱ የተቀደደ፣ ጀልባው የተሰነጠቀ፣ ልጄ በብርድ የምትንቀጠቀጥ ሆና ባገኛት ምኞቴ ነበር። አባት ይህን ይመኛል? ይኸው ተመኘሁ።

ሮቤ ሰው ሁሉ አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላቀለ ነው የሚያወራው። እኔም ከሻሸመኔ ደንበኞቼ የለቀምኩትን ኦሮምኛ ላሳይ ፈለግሁ። በአማርኛ ብጠይቅ ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጀልባ በኦሮምኛ ቢዲሩ ነው። መናኸሪያው ውስጥ አንዱን ረዳት ትከሻውን ነካ አድርጌ፣ ጀልባውን ነው የምፈልገው ለማለት፣ “ቢዲሩ ነን በርባዳ” አልኩት።

“ብድሬ? ኮቱ! ና ግባ! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!” ብሎ ሻንጣዬን ነጥቆ ጣራ ላይ ሰቀለው።

የታምራት ጀልባ ይህን ያህል ታዋቂ መሆኑ አናደደኝ። መናኸሪያ ውስጥ ስሙ እየተጠራ የሚጫንለት! የእኔን ጀልባ የሐዋሳ ባጃጅ ነጂ እንኳ በስም አያውቃትም።

ጎባን አለፍን። ቦታው ከጎባ ወጣ ብሎ እንደሆነ ስለማውቅ አልደነገጥኩም። ከዚያ መኪናው ሽቅብ ይወጣ ጀመር። ወጣ፣ ወጣ፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ሳነቴ የሚባለው አምባ ላይ ስንደርስ ዛፍ የለም፤ ጭጋግ፣ ድንጋይና የሰው ቁመት የሚያህል ጅብራ የሚሉት ተክል ብቻ። ምንጭ እንዴት ተራራ አናት ላይ ይፈልቃል እያልኩ ሳሰላስል በመስኮት አንዲት ኩሬ አየሁ፤ ከጥራቷ የተነሳ ድንጋዩ ከሥር ይቆጠራል። ከወንበሬ ተነስቼ “ወራጅ አለ!” አልኩ።

“ኧረ ብድሬ ገና ነው” አለኝ ረዳቱ። “እዚህ ብትወርድ የሚቀበልህ ቀይ ቀበሮ ነው።”

ተቀመጥኩ። ቁልቁለቱን ወርደን የሐረና ጫካ አፋፍ ላይ ሪራ የምትባል መንደር ለምሳ ቆምን። ሻይ ስንጠጣ ከጎኔ የነበረውን የከብት ነጋዴ ጠየቅሁት።

“ወንድሜ፣ ውሃው ጋ ለመድረስ ምን ያህል ቀረን?”

“የምን ውሃ?”

“ጀልባው ያለበት። ቢዲሩው።”

ሻዩ ትን አለው። “ያ ረቢ! ይህ ሰውዬ ቢዲሩ ፈልጎ ነው ብድሬ የሚሄደው!” ብሎ ለቤቱ ሁሉ አሰማ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ብድሬ እኮ የመዳ ወላቡ ከተማ ናት ወንድሜ። እኔ በሬ ልገዛ ነው የምሄደው። እዚያ ጀልባ ብትጠይቅ በሬ ላይ ነው የሚያስቀምጡህ።”

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ እየማለ ሻንጣዬን አወረደልኝ፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ወደ ጎባ የሚመለስ መኪና እስከ ነገ የለም ተባለ። መንገድ ዳር ቆሜ ስቀር ከሳቁት መሀል አንዱ፣ ኦቦ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ፣ ሻንጣዬን አንስተው ቀድመውኝ መሄድ ጀመሩ።

“በጋ ነጋን ዱፍቴ፣ እንኳን ደህና መጣህ። የሳቅነውን ያህል ካላበላንህ ነውር ነው” አሉኝ።

ቤታቸው በቀርከሃ የተሠራ ነው። ባለቤታቸው አደ ዘይነባ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ የገብስ ዱቄት በቅቤ የተለወሰ፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ኦቦ ከድር ግን እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው። “አንቺ፣ ዛሬ እኮ ሮብ ነው! ክርስቲያን ነው፣ ይጾማል።” እኔ ራሴ ረስቼው ነበር። ጭኮው ተነሳ፣ ድንች ተቀቀለልኝ፣ ከዳቦዬም ቆርሼ አካፈልኳቸው። ጭኮው ሲመለስ በዓይኔ ሸኘሁት።

ከዚያ የማይቀረው ጥያቄ መጣ። “ለመሆኑ ከሐዋሳ ምን አመጣህ?”

ውሸቴን ልሞክራት ፈለግሁ። “ልጄ ጎባ ትሠራለች። እናቷ ታማብኝ ልወስዳት ነው።”

ይህን በማለቴ አሁንም አፍራለሁ። ኦቦ ከድር ወዲያው መዳፋቸውን ዘረጉ፤ አደ ዘይነባ፣ ምራታቸው፣ ለጉርብትና የመጣችው ሴትም ሁሉም እጃቸውን ዘረጉ። ረጅም ዱዓ አደረጉላት። ስሟን ጠየቁኝ። “አስቴር” አልኩ። “ረቢ አስቴርን ሃ ፈይሱ” አሉ፤ እግዜር ይማራት ማለት ነው። “አሚን” አለ ቤቱ። እኔም “አሜን” አልኩ፤ ምን ልበል? ሐዋሳ ላይ አስቴር በዚያ ሰዓት ከጎረቤቶቿ ጋር እየሳቀች እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሐሙስ

ጠዋት ሳልወጣ ዱዓው ተደገመ። ኦቦ ከድር ከደሎ መና ማንጎ ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ አስቁመው ለሾፌሩ “ሚስቱ ታማለች፣ ጋቢና አስገባው” ብለው አደራ ሰጡኝ። ሾፌሩም መንገዱን ሁሉ ስለ ሚስቴ ሕመም ጠየቀኝ። ራስ ምታት ብዬ ጀምሬ፣ ሳነቴ አናት ላይ ስንደርስ ደም ግፊት አድርጌው፣ ጎባ ስንገባ ኩላሊቷንም ነክቼባት ነበር። ያ ተረት ይቀላል ያለው ዱዓ ያልተደረገበትን ውሸት ይሆናል። ስንቄ አልቆ ነበር፤ ውሸቴ ግን ከነጓዙ ጎባ ገባ።

በባጃጅ ወጥቼ መንገዱ ሲያልቅ አርባ ደቂቃ ያህል ቁልቁል በእግር ሄድኩ። ከዛፎቹ መሀል ብቅ ስል ያየሁትን እነግራችኋለሁ፤ ስለ ቦታው የምነግራችሁ ይህንን ብቻ ነው። ምንጩ ከቋጥኙ ሥር ይወጣና ሰፊ ኩሬ ይሠራል፤ ኩሬው ወደ ወንዙ ይፈስሳል። ውሃው ያለ አይመስልም። ጀልባዎቹ ደግሞ ውስጣቸው ስለሚያሳይ እነሱም ያሉ አይመስሉም። ሰዎቹ አየር ላይ ቁጭ ብለው ይሄዳሉ፤ ከሥራቸው ጠጠሩ፣ ሣሩ፣ ዓሣው አንድ በአንድ ይታያል። ከሁሉም ፊት ልጄ መቅዘፊያ ይዛ ትሄዳለች።

እስከዚያች ደቂቃ የምቀናው በታምራት ነበር፤ ያኔ በውሃው ቀናሁ። ሠላሳ ዓመት ሐይቅ ላይ ስኖር ከጀልባዬ ሥር ምን እንዳለ አይቼ አላውቅም። እግዜር ውሃ ሲያድል ለአንዱ ብርጭቆ ሰጥቶ ለእኔ ጀበና ሰጠኝ።

“ጋሼ! ጋሼ!” ታምራት እየሮጠ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። “ምነው ሳይነግሩን? መንገድ ወጥተን እንቀበልዎት ነበር እኮ!” አሁንም እርስዎ ነው የሚለኝ። ሰውን በደንብ ለመጥላት ትንሽ መናቅ ይጠይቃል፤ እሱ ደግሞ ምንም አላገዘኝም። ላይፍ ጃኬቶቹን አየሁ፤ አዲስ ናቸው። ጀልባዎቹን አንኳኳሁ፤ ስንጥቅ የለባቸውም። ቢሮው ግድግዳ ላይ የሐዋሳ ጀልባዬ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ታምራት መሀል ላይ ቆሞ ይስቃል፣ ከእኔ የሚታየው ሞተሩን የያዘው እጄ ብቻ ነው።

ብሌን ከውሃው ስትወጣ አየችኝ። መጀመሪያ ያለችኝ “አባዬ! ምን ሆናችሁ? እማ ደህና ናት?” ነው። ያቺ ነበረች ሰዓቷ። አፌን ከፈትኩ፤ ግን አቅፋኝ ነበር፣ ጸጉሯም ረጥቦ ነበር። “ለሥራ ነው የመጣሁት” አልኳት።

ዓርብ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አራት እንግዶች ነበሩ። እኔንም አምስተኛ አድርገው አሰለፉኝ። ብሌን ጫማዬን አስወለቀችኝ፣ ላይፍ ጃኬት አለበሰችኝ፣ ከዚያ እንዴት እንደምቀመጥ ማስረዳት ጀመረች። ለእኔ! ሠላሳ ዓመት ሰው ሳሳፍር ለኖርኩት!

“አንድ ሕግ ብቻ አለን፣ መቆም ክልክል ነው” አለች ለሁላችንም። “ጀልባዋ ቀላል ናት፣ የቆመ ሰው አትችልም።”

እኔና እሷ በአንድ ጀልባ ገባን፤ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ከሥሬ ምንም የለም። እስከዚያች ቀን ድረስ ውሃ ላይ እንደተቀመጥኩ እግሬ አምኖ አያውቅም ነበር። ብሌን እየቀዘፈች ለእንግዶቹ ታስረዳለች፤ ምንጩ በጋ ከክረምት እንደማይቀንስ፣ ዓሣው ለምን ጅረቱን ፊት ለፊት ይዞ እንደሚቆም። ድምጿን ሳታነሳ ሁሉም ይሰማታል። አንዷ እንግዳ “የት ተማርሽው?” አለቻት።

“ጋሽ ታምራት ነው ያስተማረኝ” አለች ልጄ።

ነገሩ እውነት ነው። እኔ ምን አስተማርኳት? ቲኬት መቁረጥ። ግን ደሜ ፈላ። ውሃው ወደ ወንዙ የሚታጠፍበት ጋ ስንደርስ እንዴት እንደሚዞር ላሳያት ብዬ እንደ ለመድኩት ብድግ አልኩ። ጀልባ ነጂ መታጠፊያ ላይ ይቆማል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሜያለሁ።

ቀጥሎ የማስታውሰው ብርዱን ነው። የባሌ ምንጭ ውሃ በአጥንት ነው የሚገባው። ላይፍ ጃኬቱ ሽቅብ ወረወረኝ፣ ሳል ይዞኝ ብቅ ስል ልጄ አንገትጌዬን ይዛኛለች፤ ጀልባዋን ሳታናውጥ፣ መቅዘፊያዋን ሳትጥል። “እጅህን እዚህ። ተረጋጋ። ተንፍስ” አለችኝ። የምትናገረው እንደ ካፒቴን ነው። ዳር ስታደርሰኝ እንግዶቹ አጨበጨቡላት።

በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ እሳት ዳር ተቀመጥኩ። ታምራት የራሱን ሹራብ አለበሰኝ፣ ብሌን እግሬን ታሻለች። ሁለቱም አልሳቁም። ቢስቁ ኖሮ እሳደብ ነበር፣ ይወጣልኝ ነበር። ስላልሳቁ ግን ውስጤ ያለው ሁሉ በአንድ ላይ ወጣ።

“እናትሽ ታማለች” አልኩ። “ልወስድሽ ነው የመጣሁት።”

እጇ እግሬ ላይ ቆመ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ለምን ትናንት እንዳልነገርኳት እንኳ አልጠየቀችኝም፤ ተነስታ ልብሷን መሰብሰብ ጀመረች። ታምራት የሁለቱን ቀን ጉብኝት ከመዝገቡ ሰረዘ፣ ሻንጣዋን ተሸከመ። “ጋሼ፣ ይህን ይዘው ነው ከትናንት ጀምሮ ዝም ያሉት?” አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ድል ያደረግሁት በዚህ ዓይነት ነው። ልጄን በአንድ ቃል ከጀልባው አወረድኳት። እንደ ድል ግን አልጣመኝም።

እምንጩ ዳር ኔትወርክ የለም። ለእናቷ ለመደወል መንገዱ ድረስ ያችን ዳገት መውጣት ነበረብን። ብሌን ከፊት እየሮጠች፣ ስልኩን ወደ ላይ አንስታ እያየች፤ ታምራት ከነሻንጣው መሀል፤ እኔ ከኋላ በተዋስኩት ሹራብ። አርባ ደቂቃ ነበረኝ። ሦስት ጊዜ “ብሌን” ብዬ ተጣራሁ። ሦስቴም ዞራ “አይዞህ አባዬ፣ እንደርሳለን” አለችኝ። እውነቱን መናገር ከዳገቱ ከበደኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ዝም አልኩ።

አፋፉ ላይ ስልኩ ጮኸ። ድምጹን ከፍ አድርጋ ደወለች፤ ሦስታችንም ቆመን ሰማን።

“ሄሎ፣ ብሌንዬ!” የአስቴር ድምጽ እንደ ወትሮው ነው። ከኋላዋ ሬዲዮ ይሰማል።

“እማ! አባዬ ታማለች አለኝ! ምንሽን ነው? እየመጣሁ ነው!” ብላ አለቀሰች።

ሬዲዮው ጠፋ። ዝምታው ርዝማኔው ሳነቴን ያህል መሰለኝ። ሃያ አራት ዓመት አብረን ኖረናል፤ አስቴር በዚያ ዝምታ ውስጥ ሁሉንም እንደገባት አወቅሁ። በታምራት ፊት፣ በልጄ ፊት፣ አሁን ትገልጠኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

“አዎ፣ ትንሽ አሞኝ ነበር” አለች። “አሁን ተሽሎኛል። አባትሽ ያካብዳል፣ ታውቂው የለ? እንዳትመጪ። ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ እመጣለሁ፤ ጀልባሽን ማየት እፈልጋለሁ። ሰማሽኝ?”

“እርግጠኛ ነሽ እማ?”

“እርግጠኛ ነኝ። አሁን ለአባትሽ ስጪው፤ ለጆሮው ብቻ።”

ስልኩን ተቀብዬ ራቅ አልኩ። አስቴር አልጮኸችም። “ደረጀ፣ ብቻህን ና” ብላ ዘጋችው።

ቅዳሜ

ብሌን እስከ ሮቤ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ታምራት ለበሽተኛዋ ብሎ የሐረና ጫካ ማር አንድ ጣሳ ሙሉ ሰጠኝ፤ ሹራቡንም አልቀበልም አለኝ። ልመልስለት ብታገል እጄን ይዞ “ጋሼ፣ እርስዎ ባያስተምሩኝ እኔ ዛሬም ውሃ እፈራ ነበር” አለኝ። ስብሰባ ላይ ያሳቅሁበትን እኔን አመሰገነኝ። ያን ጊዜም ቀናሁበት፤ እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ ከአፉ ይወጣለታል።

አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ልጄ በመስኮት በኩል ጠጋ አለች። ለብቻዬ እንዲሰማኝ ነው የተናገረችው።

“አባዬ፣ ሁለተኛ ስናፍቅህ ‘ናፈቅሽኝ’ በለኝ። እማን አታሳማት።”

አውቶቡሱ ወጣ። ስንዴውን አላየሁትም፣ ዶዶላም ምሳ አልበላሁም። ማሩን ጭኔ ላይ አድርጌ ሻሸመኔ ገባሁ፤ ሙቀቱ ሲነካኝ እንኳ ሹራቡን ማውለቅ ረሳሁ።

አስቴር በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማሩን ተቀበለችኝ፣ ከፈተችው፣ በማንኪያ ቀመሰች። “በሽተኛዋ እኔ ነኝ፣ አትንካው” አለች። እራት አቀረበችልኝ፤ ስለ ስልኩ አንድም ቃል አላነሳችም። እየበላሁ ስለ ውሃው ነገርኳት፣ መውደቄን ነገርኳት፤ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ።

“ልጄ እንዴት ናት ስትቀዝፍ?” አለችኝ።

“ከእኔ ትበልጣለች።”

“ይህን ለእሷ ነግረሃታል?”

እጄን ታጥቤ ስልኬን አነሳሁ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

“ሄሎ ብሌን” አልኳት። “ናፈቅሽኝ።”

“እማ ደህና ናት?” አለችኝ።